የላስታ ድንጋይ ጠራቢና የሥልጠናው ወጪ

ስለ ላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የተጻፈው ብዙ ነው። የነገሥታቱ የትውልድ ሐረግ ተመርምሯል፤ የሕንፃዎቹ ቁመትና ወርድ ተለክቷል፤ የመስኮቶቻቸውና የመስቀሎቻቸው ቅርጽ ተስሎ ታትሟል። ድንጋዩን የጠረበው ሰው ሙያውን ከማን እንደ ተማረ፣ ሲማርም ቀለቡን ማን እንደ ቻለለት የመረመረ ግን ጥቂት ነው። ጥያቄው ከጥንት ታሪክ አልፎ የዛሬንም አሠሪ የሚመለከት ነው። ባለፉት ስድሳ ዓመታት ውስጥ ለላሊበላ ጥገና ከፍ ያለ ገንዘብ በተደጋጋሚ ወጥቷል። ገንዘቡ ካለቀ በኋላ በአገሩ ሰው እጅ የቀረው ሙያ ምን ያህል ነው ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ እንደ ዘመኑና እንደ ሥራው ውል ይለያያል።

የአገሩ ትውፊት ስለ ሠራተኛው ፈጽሞ ዝም አላለም። ገድለ ላሊበላ ንጉሡ ሥራውን ከመጀመሩ አስቀድሞ ልዩ ልዩ የብረት መሣሪያዎችን እንዳሠራ፣ ሕዝቡንም ሰብስቦ እያንዳንዱ የሚሻውን ደመወዝ በገዛ አፉ እንዲናገር እንደ ጠየቀ ይተርካል። ይህንም ያደረገው ሠራተኞቹ በኋላ «ያለ ፈቃዳችን በግድ አሠራን» ብለው እንዳያጕረመርሙ መሆኑን ይገልጻል። ሥራው ከተጀመረበት እስከ ተፈጸመበት ቀን ድረስም ለጠራቢውም ሆነ አፈር ለሚያወጣው ደመወዙ ሳይቋረጥ እንደ ተከፈለ ያወሳል። ገድሉ ከንጉሡ ዘመን ብዙ ቆይቶ የተጻፈ በመሆኑ እንደ ደመወዝ መዝገብ ሊነበብ አይገባም። ሆኖም ጸሐፊው ድንጋይ ጠራቢውንና አፈር አውጪውን ለይቶ መጥራቱ፣ በእርሱ ዘመን የእጅ ሙያና የጉልበት ሥራ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው በሚገባ የታወቀ እንደ ነበረ ያስረዳል። ሰዎች ቀን ቀን ይሠሩ ነበር፤ ሌሊት ሌሊት ደግሞ መላእክት ሰዎቹ ከሠሩት የሚበልጥ ይጨምሩበት ነበር የሚለውም ትረካ ከዚሁ ገድል የመጣ ነው።

በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር መጥቶ ላሊበላን የጐበኘው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1540 በታተመው መጽሐፉ ውስጥ ሥራው በ24 ዓመት እንደ ተፈጸመና የሠሩትም ከውጭ የመጡ ነጮች እንደ ነበሩ የአገሩ ሰዎች ነገሩኝ ብሎ ጽፏል። ይህ ወሬ ለብዙ ዘመን ሲደጋገም ኖሯል። ከሙያ ታሪክ አንፃር ሲታይ የገድሉ ጸሐፊ ከተጓዡ ይልቅ ለአገሩ ሠራተኛ ቸር ነበረ ለማለት ይቻላል፤ የመላእክቱን ድርሻ ሲናገር የሰዎቹን የቀን ሥራ አልነሣቸውምና።

የዘመናችን ጥናት ደግሞ ነገሩን በሌላ ገጽ አቅርቦታል። ንጉሥ ላሊበላ የነገሠው ከ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እስከ 13ኛው መጀመሪያ ባለው ጊዜ መሆኑን በወንጌል መጻሕፍት ላይ የተጻፉ የርስት ስጦታዎች ያረጋግጣሉ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው የፈረንሳይ ተመራማሪዎች የአርኪዮሎጂ ጥናት፣ በሥፍራው ላይ የተከመረውን የቁፋሮ አፈርና የቦዮቹን አቆራረጥ መርምሮ ቦታው በአንድ ጊዜ ያልተፈለፈለ፣ በየዘመኑ እየተቆረጠ፣ እየሰፋና አገልግሎቱም እየተለወጠ የመጣ መሆኑን አመልክቷል። እንግሊዛዊው ሊቅ ዴቪድ ፊሊፕሰንም ቤተ መርቆሬዎስና ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ከላሊበላ ዘመን በፊት ለሌላ ግልጋሎት ተፈልፍለው እንደ ነበረ አስተያየት ሰጥቷል። የእነዚህ ሊቃውንት የዘመን አቈጣጠር ወደፊት ቢሻሻልም እንኳ አንድ ነገር ከዚህ ይከተላል። ሥራው ከአንድ ትውልድ በላይ የፈጀ ከሆነ የመጀመሪያው ጠራቢ ሲያረጅ መሮውን የተቀበለው ሰው ነበረ ማለት ነው፤ መሮውን የተቀበለውም አስቀድሞ ተምሮ ነበር።

እንዴት እንደ ተማረ የሚጠቁመው የሥራው ጠባይ ነው። ተራ ግንበኛ ከታች ወደ ላይ ይሠራል፤ የተበላሸውን ድንጋይ አውጥቶ ሌላ ይተካል። ውቅር ሕንፃ ግን ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። በመጀመሪያ በዙሪያው ጥልቅ ቦይ ተቆፍሮ መካከሉ እንደ ትልቅ ሣጥን ብቻውን ይቀራል፤ ቀጥሎ ጣሪያው፣ ከዚያ መስኮቱ፣ በመጨረሻም በሩ ይወጣል፤ ከዚህ ጋር ውስጡ ይፈለፈላል። ርዝመቱ ከ33 ሜትር በሚበልጠው በቤተ መድኃኔ ዓለም አንዱ ዓምድ በስሕተት ቢቆረጥ የሚተካ ድንጋይ የለም፤ ሕንፃውና ተራራው አንድ ናቸውና። ስለዚህ ጀማሪ መሮውን በመጨረሻው ገጽ ላይ ሊያሳርፍ አይፈቀድለትም ነበር ብሎ መገመት አያዳግትም። ሙያውን የሚለማመደው በቦዩ ቁፋሮ፣ በሚጣለው ድንጋይና በማይታየው ማዕዘን ላይ መሆን ነበረበት። በዚህ ዓይነት ሥራ ውስጥ ልምምድና ምርት አይነጣጠሉም፤ ለማስተማር የወጣው ጊዜም ለሥራው ከወጣው ተለይቶ ሊቈጠር አይችልም። የላስታ ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ከከተማው አሥራ አንድ ሕንፃዎች ጋር ሲነጻጸሩ፣ ለምሳሌ አሸተን ማርያም ሻካራ አጠራረብ ያላት መሆኗ፣ የእጅ ብቃት በየቦታውና በየዘመኑ እኩል እንዳልነበረ ያሳያል።

ከዚህ ዘመን በኋላ ስላለው የሙያው ታሪክ የሚነገረው ጥቂት ነው። በደጋው አገር የእጅ ሙያ ያለው ሰው ክብር እያጣ መጣ። ቀጥቃጩ፣ ፋቂውና ሸማኔው በስድብ ስም ይጠሩ ጀመር፤ ልጁን ለሙያ የሚሰጥ አባትም ቀነሰ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው የነገሩን ክብደት ይመሰክራል። አዋጁ ስድቡን ከለከለ፤ ለሚማረው ልጅ ቀለብ የሚሰጠው ማን እንደሆነ ግን አልተናገረም፤ ከዚያ ዘመን አዋጅ ይህን መጠበቅም አይገባም። ሆኖም በላስታ የድንጋይ ሥራ ፈጽሞ አልጠፋም። የላሊበላ ባለ ፎቅ ክብ የድንጋይ ቤቶች፣ ከውጭ በኩል ደረጃ ያላቸው፣ የአገሩ ግንበኛ እጁን እንዳልፈታ የሚያሳዩ ናቸው። በቅርብ ዘመንም በጋሸና አቅራቢያ ዳግማዊ ላሊበላ በሚባለው ስፍራ አንድ መነኵሴ ከአካባቢው ሰዎች ጋር በእጅ መሣሪያ አዳዲስ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትን ማስፈልፈላቸው፣ የሚያሠራ ሲገኝ ጠራቢ እንደማይታጣ አሳይቷል።

በዘመናዊ አሠሪና በላስታ ሠራተኛ መካከል ያለው ግንኙነት በጉልህ የሚታየው ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ነው። ከዚያ አስቀድሞ በአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ዝናቡን ለመከላከል ሬንጅና ቀይ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ቀይ እሳተ ገሞራዊው ድንጋይ ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ውሃ ይጠጣል፤ የጠጣውንም በገጹ በኩል መተንፈስ አለበት። ሬንጁ ትንፋሹን ዘጋበት። ይህን የቀቡት ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም፤ በከተማ ለሲሚንቶ ቤት የሚደረገውን በቅን ልቡና ለውቅር ድንጋይ አደረጉት እንጂ። ለአንድ ዓይነት ዕቃ የተገኘ ሙያ በሌላው ላይ ጉዳት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

እ.ኤ.አ. በ1965 ኒውዮርክ ላይ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የሐውልቶች ፈንድ ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ አንዱ ያደረገው ላሊበላን ነበር። ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ የቤርጋሞው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ ጥገናውን መራ። ሬንጁና ቀለሙ ተፋቀ፤ ቦዮቹ ተጠርገው ውሃው መውጫ አገኘ፤ ስንጥቆቹ ተሞሉ። ሥራው በሚገባ የተሠራ ነበር፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ ዘገባም እ.ኤ.አ. በ1967 ታተመ። ሐሳቡና መመሪያው ከውጭ መጣ፤ ሬንጁን የፋቀው፣ ቦዩን የጠረገው፣ ድንጋዩን ያነሣው እጅ ግን የአካባቢው ሰው እጅ ነበር። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተገባደደ፤ ቀጥሎ የ1966ቱ አብዮት መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ሥፍራው በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ከቅርስነቱ ምዝገባ በኋላ በነበሩት ዓመታት ግን የአብያተ ክርስቲያናቱ ጣሪያ ሲያፈስ የተገኘው መፍትሔ እንጨት አቁሞ ቆርቆሮ ማልበስ ነበር። ቆርቆሮው ብዙ ይናገራል። በአንጀሊኒ ዘመን በየቀኑ በድንጋዩ ላይ ይሠሩ የነበሩት ሰዎች ያዩትን የሚያስቀጥል ተቋምም፣ ደመወዝም፣ ምስክር ወረቀትም አልቆየላቸውም ነበር።

በዚያው ዘመን በሌሎች መሥሪያ ቤቶች የተደረገውን ማስታወስ ለንጽጽር ይረዳል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ሲመሠረት ከአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ጋር የተደረገው ስምምነት ኢትዮጵያውያንን ማሠልጠንን ይጨምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ኰሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጐዳና ባለሥልጣንም በአሜሪካውያን መሐንዲሶች መሪነት ሥራውን ሲጀምር ኢትዮጵያዊውን ቀያሽና የመሣሪያ ኦፕሬተር ከሥራው ጋር አብሮ ማስተማር ግድ ሆኖበታል። እነዚህ መሥሪያ ቤቶች ከላሊበላው ጥገና የሚለዩት በአንድ ዋና ነገር ነው፤ ነገ የሚኖሩ አሠሪዎች ነበሩ። ያሠለጠኑት ሰው ተመልሶ የሚያገለግለው እነርሱኑ ስለሆነ ለሥልጠና ያወጡት ገንዘብ አልጠፋባቸውም።

የላስታ አሠሪ ግን መጥቶ የሚሄድ ነው። ይህ በቅርስ ጥገና ብቻ የታየ አይደለም። ከ1977 ዓ.ም. ረኃብ በኋላ በወሎ የተስፋፋው ምግብ ለሥራ፣ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ብዙ ሺህ ሰዎችን በእርከን፣ በመንገድና በውሃ ሥራ ላይ አሰማርተዋል። ክፍያው ለቀኑ ጉልበት ነበር፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የደረደረው ገበሬ በሦስተኛው ዓመት ከመጀመሪያው ዓመት የተሻለ እርከን ቢሠራ በመዝገቡ ላይ ያው የቀን ሠራተኛ ነው። ፕሮግራሞቹ የሕዝቡን ሕይወት ለማዳን የተቋቋሙ በመሆናቸው በዚህ ሊወቀሱ አይገባም፤ ሙያን የሚቈጥር ዓምድ በመዝገባቸው ውስጥ እንዳልነበረ ማመልከቱ ይበቃል።

ሕጉ ምን ይላል ቢባል፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 42/1985፣ ቀጥሎም ቁጥር 377/1996፣ አሁንም ቁጥር 1156/2011 ከአንቀጽ 48 እስከ 52 ድረስ ስለ ሥራ መልመጃ ውል ይደነግጋሉ። አሠሪው አንድን ሰው ከድርጅቱ ሥራ ጋር ግንኙነት ባለው ሙያ የተሟላና ሥርዓት ያለው ሥልጠና ለመስጠት፣ ተለማማጁም ትእዛዙን አክብሮ ለመማርና ለመሥራት ሲስማሙ ውሉ ይመሠረታል። ውሉ በጽሑፍ ይደረጋል፤ የሥልጠናውን ዓይነትና ጊዜ፣ በመልመጃው ወቅት የሚከፈለውን ገንዘብና የሥራውን ሁኔታ ይይዛል። ልምምዱ ሲያበቃ አሠሪው ተለማማጁ የሠለጠነበትን ሙያና የቆየበትን ጊዜ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ድንጋጌው ግልጽና ጥሩ ነው። ነገር ግን ውሉ የሚኖረው አሠሪው ለማስተማር ሲስማማ ነው፤ ለተወሰነ ሥራ በቀን ሒሳብ የተቀጠረ ረዳት ግንበኛ ከዋናው ግንበኛ ጐን ቆሞ ሁለት ዓመት ቢማር እንኳ በሕግ ዓይን ተለማማጅ ላይባል ይችላል። የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና አዋጆች ቁጥር 391/1996 እና 954/2008 ድርጅቶች በሥልጠናው ተካፋይ እንዲሆኑ አድርገዋል፤ በትብብር ሥልጠና ፖሊሲ መሠረትም ከሥልጠናው ጊዜ 70 በመቶው በድርጅት፣ 30 በመቶው በተቋም እንዲሆን ታስቧል። ይህ ሐሳብ ግን ሰባ በመቶውን የሚሸከም የቆመ ድርጅት በአካባቢው መኖሩን አስቀድሞ የሚገምት ነው።

ሌሎች አገሮች የሥልጠናን ወጪ በአሠሪዎች መካከል ለማከፋፈል ያወጡት ዘዴ የቆየ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1925 የተለማማጅነት ግብር ጣለች። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1942 ሴናይ የተባለውን የኢንዱስትሪ ሥልጠና ድርጅት ስታቋቁም ከደመወዝ ወጪ መዋጮ እንዲሰበሰብለት አደረገች። እንግሊዝ በ1964ቱ ሕጓ በየኢንዱስትሪው የሥልጠና ቦርድ አቋቁማ፣ ከሁሉም አሠሪ መዋጮ እየሰበሰበች ለሚያሠለጥነው ድጎማ ትሰጥ ጀመር። የሁሉም መነሻ አንድ ነው፤ ይኸውም «እኔ ያሠለጠንኩትን ጎረቤቴ ይወስድብኛል» የሚለው የአሠሪ ስጋት ነው። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 የሙያ ችሎታ ልማት ሕግን፣ በ1999 የመዋጮውን ሕግ አወጣች፤ መዋጮው እ.ኤ.አ. በ2000 በግማሽ በመቶ ተጀምሮ በሚቀጥለው ዓመት ከደመወዝ ወጪ 1 በመቶ ሆነ። በዚያ አገር አሠሪው ከመዋጮው የተወሰነውን በድጎማ መልክ የሚያስመልሰው በየዓመቱ የሥራ ቦታ የሥልጠና ዕቅድና ያለፈውን ዓመት የሥልጠና ዘገባ በቀኑ ሲያቀርብ ነው። ቅጹን በጊዜው ያልሞላ ገንዘቡን ያጣል። ቅጹን የሞላ ሁሉ ግን በእርግጥ አሠልጥኗል ማለት አይደለም የሚለው ክርክርም ሕጉ ከወጣ ጀምሮ አልተቋረጠም።

የእንግሊዙ ታሪክ በተለይ ለግንባታ ሰዎች ትምህርት አለው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አብዛኞቹ የሥልጠና ቦርዶች ሲፈርሱ የግንባታው ቦርድ መዋጮውን እየሰበሰበ ቀጥሏል። በዚህ መስክ ሠራተኛው ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው የሚዘዋወር፣ ሥራ ተቋራጩም ሥራው ሲያልቅ ሰውን የሚበትን በመሆኑ፣ ሥልጠናን ለአንድ ድርጅት መተው እንደማያዋጣ ይታመናል። ላስታ የዚሁ ችግር የመጨረሻው ጫፍ ናት። ጐብኚ ሲመጣ ሠራተኛ የሚቀጥረው ሆቴል አለ፤ ካህናቱና ቤተ ክርስቲያኒቱ አሉ፤ ከዚህ ውጭ ድንጋይ የሚያስጠርበው ከአንድ ፕሮጀክት እስከ ሌላው ያለው አሠሪ ነው። የደመወዝ ወጪው በሌለበት ዓመት የደመወዝ አንድ በመቶም የለም።

ይህ ችግር ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በሁለት መንገድ ተሞክሯል። የመጀመሪያው የብረት መጠለያው ነው። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የቤተ መድኃኔ ዓለምን፣ የቤተ ማርያምን፣ የቤተ አማኑኤልንና የቤተ አባ ሊባኖስን ራስ የሸፈኑት ትልልቅ መጠለያዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ተተክለው ተጠናቀቁ። ሲታሰቡ ጊዜያዊ ነበሩ። ዝናቡን ከድንጋዩ አርቀዋል፤ ይህ ውለታቸው አይካድም። ነገር ግን ምሰሶዎቹና የተወጠረው ክዳን የውጭ ንድፍ በመሆናቸው አካባቢው ከጥንት የያዘው የድንጋይ ሙያ በእነርሱ ላይ ቦታ አላገኘም። ዘመናቸው ባለፈ ጊዜ ክብደታቸው ሕዝቡን ያሳስብ ጀመር፤ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የከተማው ነዋሪ ስጋቱን በሰልፍ ገለጸ።

ሁለተኛው መንገድ መጠለያ ባልተተከለበት በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል የተሞከረው ነው። እዚህ የመጣው አሠሪ የቀድሞው ራሱ ነበር፤ ዓለም አቀፍ የሐውልቶች ፈንድ እ.ኤ.አ. በ1985 ስሙን ለውጦ የዓለም ሐውልቶች ፈንድ ሆኗል። ከአንጀሊኒ ዘመን አርባ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ከቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር በመሆን፣ ከአሜሪካ አምባሳደሮች የባህል ጥበቃ ፈንድ ርዳታ አግኝቶ ሲመለስ የአካባቢውን ሰዎች ማሠልጠን ከጥገናው ጋር የሥራው ዓላማ ሆኖ ተጻፈ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲያበቃ ፈንዱ ወደ ቤተ ጎልጎታና ቤተ ሚካኤል ተሻገረ።

ሥልጠናው በወረቀት ላይ መጻፉ ምን ለውጥ ያመጣል ለሚል፣ መልሱ በኖራው ውስጥ ይገኛል። ለእንዲህ ያለው ለስላሳ ድንጋይ ሲሚንቶ አይስማማም፤ ከድንጋዩ በላይ ስለሚጠነክር ውሃውንና ጨውን ወደ ድንጋዩ ይመልሳል፤ የሚፈረፈረውም ድንጋዩ ይሆናል። ኖራ ግን ከድንጋዩ ጋር ይተነፍሳል። የኖራ ሥራ ደግሞ ጊዜ የሚፈልግ ሙያ ነው። ኖራው ተቃጥሎ በውሃ ይሞታል፤ ከተፈጨ ድንጋይ ጋር በልክ ይለወሳል፤ ከተሞላ በኋላ ፀሐይ እንዳያደርቀው እርጥብ ጨርቅ እየለበሰ ቀስ ብሎ መጠንከር አለበት። ቸኩሎ ያደረቀው ግንበኛ ስሕተቱን የሚያውቀው በሚቀጥለው ክረምት ነው። ስለዚህ በብሎኬትና በሲሚንቶ ያደገ ብርቱ ግንበኛ በላሊበላ ከመማሩ በፊት የሚተወው ልማድ አለው፤ ይህንንም በሁለት ሳምንት ስብሰባ አይተወውም። ቢያንስ አንድ በጋ መሙላት፣ አንድ ክረምት መመልከት፣ በሁለተኛው በጋ ያፈሰሰውን ማረም ያስፈልገዋል። ሥራውን ቶሎ ለማስረከብ የሚጣደፍ ተቋራጭ ይህን ጊዜ ለተማሪ አይሰጥም፤ በውሉ ላይ ዋጋ ከተጻፈለት ግን ይሰጣል።

የሥራ ዝርዝርና ዋጋ የሚያዘጋጅ መሐንዲስ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በዝርዝሩ ላይ የራሱ መስመርና መለኪያ የሌለው ነገር ገንዘብ ሲያጥር አስቀድሞ የሚቀረው ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ የጥገና ሥራ 10 ሚሊዮን ብር ለደመወዝ ቢመደብለት፣ በደቡብ አፍሪካው ልክ አንድ በመቶው 100 ሺህ ብር ይሆናል። ይህ ለአንድ ትልቅ ፋብሪካ የሥልጠና ክፍል የማይረባ ገንዘብ ነው፤ ለጥቂት ተለማማጆች የሁለተኛውን በጋ ቀለብ ለመቻል ግን ቁም ነገር አለው። ገንዘቡ ለአሠሪው ከተሰጠ አሠሪው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ከሙያው ጋር እንዲቆይ ከተፈለገ ተቀባዩ በቦታው የሚኖር አካል መሆን ይኖርበታል።

በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ኤማኑኤል ማክሮን ላሊበላን ሲጐበኙ አገራቸው ለአብያተ ክርስቲያናቱ ጥበቃ እንድትረዳ ቃል ገቡ። ከዚህ በኋላ በተጀመረው የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ፕሮጀክት ውስጥ የአገሩን ባለሙያዎች ማሠልጠን ከዓላማዎቹ አንዱ ሆኗል፤ የተለማማጅነት ግብርን ወደ መቶ ዓመት ገደማ ለቈየ ጊዜ ስትሰበስብ ከኖረች አገር ይህ መምጣቱ የሚያስደንቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ወረርሽኙ ጐብኚውን ካስቀረ በኋላ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ከላሊበላ ደረሰ፤ ከተማዋ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ተላልፋለች። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልሉ የተነሣው ግጭት መንገዱንና ሥራውን አስቸጋሪ አድርጎታል። ሆቴሎቹ ሠራተኛ በተኑ፤ አስጐብኚው ሌላ ሥራ ፈለገ። በእነዚህ ዓመታት መሮውን ያስቀመጠ ወጣት ግንበኛ ወደ ኮምቦልቻ ወይም ወደ አዲስ አበባ ወርዶ ብሎኬት ሊደረድር ይችላል፤ በእጁ የአንቀጽ 52 የምስክር ወረቀት ካለ ምን ያህል ኖራ እንደሚያውቅ ለሚቀጥለው አሠሪ የሚናገርለት አለው፤ ከሌለውም በቀን ሒሳብ ይቀጠራል።

ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ዛሬም ያለ ብረት መጠለያ ቆሟል። ክረምት በገባ ቁጥር ዝናቡ በቀጥታ በጣሪያው ላይ ይወርዳል። በየዓመቱ መስከረም ላይ ወደ ጣሪያው ወጥቶ የትኛው ስንጥቅ እንደ ተከፈተ ማየት፣ ቦዩን መጥረግ፣ የላላውን ኖራ አውጥቶ አዲስ መሙላትና ጨርቁን እርጥብ አድርጎ መጠበቅ የጥቂት ሰዎች የጥቂት ሳምንት ሥራ ነው።